የሚወርደው ፔቱኒያ ጁላይ ሲገባ መሃሉ ተራቆተ፣ የመደቡ ደግሞ እምቡጡ እየተበላ ነው፣ ምን ላድርግ?

ደጃፌ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ አበባ የምታውቁ ሰዎች እርዱኝ። ሜይ ላይ ለእናቴ ብዬ ያንን እየተንጠለጠለ የሚወርደውን ፔቱኒያ በሃንጊንግ ባስኬት ገዝቼ በረንዳው ላይ ሰቀልኩላት፣ እሷ በጣም ስትወደው ደግሞ ፐርፕል ዌቭ የሚባለውን በችግኝ ገዝተን ከመግቢያው መንገድ ዳር ያለችው መደብ ላይ ተከልነው። ጁን ሙሉ ምን ልበላችሁ፣ ቅጠሉ እስከማይታይ ድረስ ነው ያበበው፣ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር፣ እናቴም ቡና የምታፈላው በሩን ከፍታ ወደሱ ዞራ ነው።

አሁን ግን ሁለቱም ታመዋል፣ የሚገርመው በየራሳቸው ነው የታመሙት። የባስኬቱ መሃሉ ተራቁቷል፣ ዘንጎቹ ረዝመው ረዝመው ጫፍ ጫፋቸው ላይ ብቻ ትንሽ ትንሽ አበባ ቀርቷል፣ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ደግሞ ቢጫ ሆኖ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ናቸው። ውሃ ማታ ከሥራ ስገባ ነው የማጠጣው፣ ግን ቀን ላይ እናቴ ደውላ "ልጄ ይሄ ነገር ጠውልጓል" ትለኛለች። ማዳበሪያ ከተገዛ ወዲህ ምንም አልተጨመረበትም። የመደቡ ግን ቅጠሉ ደህና ነው፣ አበባው ነው የተበሳሳው፣ እምቡጡ ሳይከፈት ይደርቃል፣ ቅጠሉ ላይ ጥቁር ጥቁር ፍሬ ነገር ተበትኖ አያለሁ፣ ትል ግን ብፈልግ ብፈልግ ላገኝ አልቻልኩም።

ልቁረጠው ስል እናቴ "አበባ የያዘ ነገር እንዴት ይቆረጣል" ብላ ከለከለችኝ። ሌላው ደግሞ እሷ ቃሪያና ቲማቲም በባልዲ ተክላ እዛው ከፔቱኒያው ስር ነው የደረደረችው፣ እሱስ ችግር አለው እንዴ?


የአበባ ቤቷ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ አይዞሽ ሁለቱም ይድናል፣ እኛ አካባቢ ውርጭ እስኪመጣ ገና ብዙ ጊዜ አለው እስከ ኦክቶበር ድረስ ያብብልሻል። እኔ ጋርደን ሴንተር ነው የምሠራው፣ በዚህ ሰሞን ፎቶ ይዞ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ያንቺኑ ዓይነት ባስኬት ነው የሚያሳየኝ።

ከባስኬቱ ልጀምር። መጀመሪያ አውርጂውና ጣትሽን በጎን በኩል ወደ አፈሩ አስገቢ፣ አፈር ሳይሆን ሥር ነው የምታገኚው፣ ተጠላልፎ ሞልቶታል። ይሄ ማለት ውሃ የሚይዝ ቦታ የለውም ማለት ነው፣ ማታ ያጠጣሽው በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ አልቋል፣ እናትሽ የምታየው እሱን ነው። ስለዚህ ዋናውን ውሃ ወደ ጠዋት አዙሪው፣ ከሥራ በፊት ከታች በቀዳዳው እስኪንጠባጠብ ድረስ አጠጪ፣ በጣም የሚሞቅ ቀን ከሆነ ማታ ድገሚው። ደርቋል አልደረቀም የሚለውን ላዩን አይተሽ አትወስኚ፣ መዳፍሽን ከባስኬቱ ስር አድርገሽ ከፍ አድርጊው፣ እንደጠጣ ክብደቱን አንዴ ከለመድሽው ሲቀልልሽ ወዲያው ታውቂዋለሽ። አንድ ጊዜ ጭራሽ ከደረቀ ደግሞ ያ ከፒት ሞስ (ከረግረግ ከሚወጣ የደረቀ የሙዝ ብስባሽ) የተሠራ አፈር ውሃ አልቀበልም ይላል፣ ከግድግዳው ይሸሽና የምታጠጪው በዳር በዳሩ ወርዶ ያልቃል፣ አንቺ አጠጣሁ ትያለሽ መሃሉ ግን ደረቅ ነው። ያኔ ባልዲ ውስጥ ውሃ ሞልተሽ ባስኬቱን እንዳለ ንከሪው፣ አረፋው እስኪያቆም ግማሽ ሰዓት ያህል ተይው፣ ከዛ አንስተሽ እስኪንጠባጠብ ጠብቂና ስቀይው። የኮኮናት ቃጫ የለበሰ ባስኬት ከሆነ ደግሞ ከፕላስቲኩ በባሰ ቶሎ ይደርቃል፣ በሁሉም ጎን ነፋስ ያገኘዋላ።

ማዳበሪያው ላይ ደግሞ ልንገርሽ፣ እነዚህ የሚወርዱ ፔቱኒያዎች በላተኛ ናቸው። አብቃዩ አፈሩ ውስጥ የሚያደርገው ቀስ እያለ የሚለቀቅ ፍሬ ፍሬ ማዳበሪያ አለ፣ እሱ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ቶሎ ቶሎ ነው የሚለቀው፣ ያ ሦስት ወር ምናምን የሚለው ጽሑፍ ለመካከለኛ ሙቀት የተሰላ ሒሳብ ነው፣ እዚህ የኛ ሙቀት ላይ ቀድሞ ያልቃል። በዛ ላይ በየቀኑ የምታፈሺው ውሃ የቀረውን ምግብ አጥቦ ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ በውሃ የሚሟሟውን ማንኛውንም የአበባ ማዳበሪያ፣ እሽጉ ላይ ሃያ ሃያ ሃያ (20-20-20) የሚለውም ይሆናል፣ ጀርባው ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጠሽ በሳምንት አንዴ ስጪው፣ አፈሩ ደረቅ ሆኖ ግን እንዳትሰጪው ሥሩን ያቃጥለዋል፣ መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ ከዛ ማዳበሪያው።

አሁን መቁረጡ። እናትሽን ሰላም በይልኝና እንዲህ በያት፣ ይሄ አበባ የሚያብበው በአዲስ ጫፍ ላይ ነው፣ አሮጌው ዘንግ መልሶ መሃሉ ላይ አያብብም፣ ካልተቆረጠ እየረዘመ ብቻ ነው የሚሄደው። ስለታም መቀስ ይዘሽ እያንዳንዱን ዘንግ ከርዝመቱ ሲሶ እስከ ግማሽ ቁረጪው፣ የምትተይው ክፍል ላይ ግን ቅጠል ይኑር፣ ቅጠል የሌለውን ጉቶ ብቻ አታስቀሪ። እዛው በዛው አጠጪና ማዳበሪያ ስጪው፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ከየቅጠሉ ብብት አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣና ያብባል። እናትሽ ባዶውን ማየት ካልቻለች ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ፣ በዚህ ሳምንት ከሦስት ዘንግ አንዱን ብቻ ቁረጪ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላውን፣ ከዛ የቀረውን፣ እንደሱ ሲሆን አበባ ሳይለየው ይታደሳል። እኔ ለእናቶች ሁሌ ይሄንን ነው የምመክረው።

ዌቩ የረገፈ አበባውን አንድ በአንድ መልቀም አይፈልግም፣ ራሱ ያጸዳል። ስትነኪው እጅሽ ላይ የሚቀረው ሙጫ ነገር በሽታ አይደለም ተፈጥሮው ነው።


ጋሽ አትክልት (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)

ልጄ ከላይ እህታችን ያለችው ሁሉ ትክክል ነው፣ እኔ ቢጫው ቅጠል ላይና ትሉ ላይ ልጨምርልሽ፣ ምክንያቱም ሁለቱንም እኛ አገር በየዓመቱ ነው የምናያቸው።

ቢጫው ሁለት ዓይነት ነው። ከታች ያለው አሮጌው ቅጠል ጠቅላላው ቢጫ እየሆነ ከሄደ ናይትሮጅን ነው ያጠረው፣ ማዳበሪያ ስትሰጪው ይመለሳል። ያንቺ ግን አዲሱ ቅጠል ነው፣ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሃል መሃሉ ቢጫ፣ ይሄ የአይረን (የብረት ማዕድን) እጥረት ነው። ብዙ ጊዜ አይረኑ አፈሩ ውስጥ ጠፍቶ አይደለም፣ ፔቱኒያ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ5.5 እስከ 6 አካባቢ የሆነ ትንሽ አሲድነት ያለው አፈር ነው የሚወደው፣ የቧንቧ ውሃው አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ከሆነ ቀስ በቀስ የባስኬቱን ፒኤች ከፍ ያደርገዋል፣ ያኔ አይረኑ እያለ ሥሩ ሊወስደው አይችልም። ኮሎራዶ መሬቱም ጭምር አልካላይን ስለሆነ እኔ ፔቱኒያን ያለ አይረን አላሳድግም። ስትገዢ ኪሌትድ አይረን (ሥሩ በቀላሉ እንዲወስደው ተደርጎ የተዘጋጀ) የሚለውን ፈልጊ፣ ከነሱም ውስጥ ኢዲዲኤችኤ የሚል የተጻፈበት ፒኤቹ ከፍ ባለበትም ይሠራል፣ ኢዲቲኤ የሚለው ግን እዛ ላይ ይደክማል። ለፔቱኒያ ተብሎ አይረን የተጨመረበት ማዳበሪያም ይሸጣል፣ እሱን ካገኘሽ ሁለቱን ነገር በአንዴ ገላገለሽ ማለት ነው። በረንዳው ሲሚንቶ ከሆነ ግን አይረኑን ስትሰጪ ባስኬቱን ወደ ሳሩ አውርጂው፣ የሚንጠባጠበው ሲሚንቶ ላይ የዝገት ቀለም ይጥላል አይለቅም።

ከዛ በፊት ግን ሥሩን አሽትቺው። ባስኬቱ ሁልጊዜ ጭቃ ሆኖ ከቆየ ሥሩ በስብሶም ልክ ይሄንኑ ቢጫ ያመጣል፣ ጤነኛ ሥር ነጭ ነው፣ የበሰበሰው ቡናማ ሆኖ ይሸታል። ያንቺው ቀን ላይ የሚደርቅ ከሆነ እሱ አይመስለኝም ግን ማየቱ አይከፋም።

የመደቡ ግልጽ ነው፣ ባድወርም የሚባለው ትል ነው። የምታዪው ጥቁር ፍሬ ኩሱ ነው። ቀን ላይ ያላገኘሽው አንዳንዱ እምቡጡ ውስጥ ገብቶ ስለሚበላ ነው፣ ትልቁ ደግሞ የሚበላውን አበባ ቀለም ይይዛል፣ ሐምራዊ አበባ ላይ ሐምራዊ የሚመስል ትል ዓይን አይለየውም። ጀምበር ስትጠልቅ ባትሪ ይዘሽ ውጪ፣ ያኔ ወደ ላይ ወጥቶ ሲበላ ታገኚዋለሽ፣ እየለቀምሽ የሳሙና ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ጨምሪው። ጠዋት ደግሞ በጣም ትንሽ ክብ ቀዳዳ ያለበትን እምቡጥ በሙሉ ቀንጥበሽ ጣይ፣ ውስጡ ነው ያለው። መደብሽ ጠባብ ከሆነች በመልቀም ብቻ ልታሸንፊው ትችያለሽ። መድኃኒት ካስፈለገ ቢቲ የሚባለው ከባክቴሪያ የሚሠራ አለ፣ የቢራቢሮና የእሳት ራት ትሎችን እንጂ ሌላ ነፍሳት ብዙም አይነካም፣ ግን ትሉ ትንሽ እያለ ቅጠሉ ላይ የተረጨውን ሲበላ ነው የሚሞተው፣ እምቡጥ ውስጥ ለገባው ብዙም አይጠቅምም፣ ፀሐይም ቶሎ ያደክመዋል። ስፒኖሳድ የሚባለው ሌላው መድኃኒት ይሻላል፣ እሱን ግን ንብ ከገባች በኋላ ማታ ብቻ ነው የሚረጨው፣ እርጥብ እያለ ንብ ይገድላል፣ አደራሽን ይሄንን እንዳትዘነጊ።

ትሉ ኩብኩባ (ፑፓ) ሆኖ አፈር ውስጥ ነው የሚከርመው፣ ሜዳ ላይ ያለውን ብርዱ ይገድለዋል፣ ግድግዳ ስርና ጋራዥ ውስጥ የገባ ፖት ውስጥ ግን ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ የዘንድሮውን የፖት አፈር ለከርሞ አታስቀምጪው።


ደጃፌ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ አንቺንም በጣም አመሰግናለሁ። ማታ ባትሪ ይዤ ወጣሁ፣ አረ ጉድ ነው፣ በእያንዳንዱ ችግኝ ላይ አሉ፣ አንዱ ጭራሽ አበባው ውስጥ ተጠቅልሎ ግማሽ ገላው ብቻ ይታያል፣ ቀለማቸው እንዳልከው ነው። እናቴም መጥታ አብራኝ ለቀመች። የባስኬቱን ደግሞ በሦስት ተከፍሎ የሚቆረጠውን ስነግራት "እንደሱ ከሆነ እሺ" አለችኝ፣ የመጀመሪያውን ዙር ዛሬ ጠዋት ቆርጠናል። የመደቡንስ ልቁረጠው? አሁን እርስ በርሱ ተያይዞ ወደ እግረኛው መንገድ እየወጣ ነው። የቃሪያውንና የቲማቲሙን ነገር ደግሞ ማንም አልመለሰልኝም፣ እናቴ እሱን ነው የምትጠብቀው።


የአበባ ቤቷ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

የመደቡ ዌቭ ከመሬት ብዙም ከፍ አይልም፣ እየተኛ ነው የሚሄደው፣ ከአንድ ችግኝ አንድ ሜትር ምናምን ሊሸፍን ይችላል፣ ስለዚህ መንገድ የወጣውን ብቻ ከርከም አድርጊው፣ መሃሉ ካልተራቆተ ሌላውን አትንኪው። ለከርሞ ስትተክሉ በችግኝና በችግኝ መካከል ቢያንስ 45 ሳንቲሜትር ተዉለት። እናንተ ጋ ሜሪላንድ አፈሩ ሸክላ ነው፣ ውሃ ያቁራል፣ ከመትከላችሁ በፊት ኮምፖስት በደንብ ቀላቅሉበትና መደቡን ትንሽ ከፍ አድርጉት። መሬት ላይ ያለው ሥሩ ወደታች ስለሚሄድ እንደ ባስኬቱ በየቀኑ ውሃ አይጠይቅም፣ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ነው፣ ከላይ አበባው ላይ ሳይሆን ከስር፣ ማዳበሪያም በሁለት ሦስት ሳምንት አንዴ ይበቃዋል። መግቢያው በቀን ቢያንስ ለ6 ሰዓት ያህል ፀሐይ የማያገኝ ቢሆን ኖሮ ግን ፔቱኒያን ትታችሁ ቤጎንያ ወይ ኢምፔሸንስ ትከሉ ነበር የምልሽ፣ ጥላ ላይ ያለ ፔቱኒያ የፈለገ ቢቀለብ ዘንግ ነው የሚሆነው።


ቆቃ የነበርኩ (አዳማ)

ሰላም፣ የቃሪያውን እኔ ልመልስ። እኔ ቆቃ አካባቢ ካሉት የአበባ እርሻዎች አንዱ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ብዙ ሰው ኢትዮጵያ ጽጌረዳ ብቻ የምትልክ ይመስለዋል፣ የፔቱኒያና የጄራኒየም ቁራጭም ከዚህ ተቆርጦ ሥር ሳያወጣ በአውሮፕላን አውሮፓ ይሄዳል፣ እዛ ተተክሎ ነው ፀደይ ላይ በየበረንዳው የሚሰቀለው።

ፔቱኒያ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ድንች፣ ትምባሆ አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ በሽታም ይጋራሉ። ግሪንሃውስ ውስጥ ከሁሉም በላይ የምንፈራው የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስን ነበር፣ ቅጠሉን ዥጉርጉር አድርጎ ያጨማድደዋል፣ መድኃኒት የለውም፣ የሚተላለፈው ደግሞ በእጅና በመቀስ ነው። ሲጋራ ላይ ራሱ ሊኖር ስለሚችል የሚያጨስ ሰው እጁን በሳሙና በደንብ ሳይታጠብ ተክሉን አይነካም። ስለዚህ እህት አንቺም ፔቱኒያውን በቆረጥሽበት መቀስ ወደ ቃሪያው አትሂጂ፣ በሳሙና እጠቢው፣ እጅሽንም እንደዛው፣ የተከረከመውን ደግሞ ባልዲው ውስጥ አትጣይ። ሁለተኛው ሌት ብላይት የሚባለው ነው፣ ቲማቲሙን ቅጠሉን አጥቁሮ የሚያነደው፣ እሱም ፔቱኒያ ላይ ይወጣል። አሁን ሁለቱም ደህና ከሆኑ ምንም ሽብር የለም፣ ግን ባልዲዎቹን ከባስኬቱ ስር አውጥታችሁ ራቅ አድርጓቸው፣ ማዳበሪያውና አይረኑ የሚንጠባጠብበት ቦታ ላይ ቃሪያ ባይቀመጥ ለራሱም ጥሩ ነው። የቲማቲም የነበረ አፈር ላይ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ፔቱኒያ አትትከሉ፣ በተገላቢጦሹም።

ቆርጣችሁ የጣላችሁት ዘንግ ካለ ደግሞ ይተከላል እኮ። አበባና እምቡጥ የሌለውን ለስላሳ ጫፍ ከአምስት እስከ ሰባት ሳንቲሜትር ቁረጪ፣ የታች ቅጠሉን አንሺ፣ እርጥብ አሸዋና ኮምፖስት ላይ ሰክተሽ የሚያሳይ ፕላስቲክ አልብሺው፣ ቀጥታ ፀሐይ እንዳያገኘው፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ሥር ያወጣል። ታጉን ግን እዪው፣ አንዳንዱ ዝርያ ባለመብት ስላለው ማባዛት ክልክል ነው ተብሎ ተጽፎበታል።


ሰሚት ፍላት (አዲስ አበባ)

ጥያቄውን ልጋራና፣ እኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ የኔ ችግር ተቃራኒው ነው፣ ዝናቡ ነው የገደለው። እስከ ግንቦት ድረስ በጣም የሚያምር ነበር፣ ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር አበባው እየቀለጠ ቅጠሉ ላይ ይጣበቃል፣ ከዛ ግራጫ ሻጋታ ያወጣል። ዩሪያም ትንሽ ሰጥቼው ነበር ቅጠል ብቻ ሆነ። ልጣለው ወይስ ይተርፋል?


ቆቃ የነበርኩ (አዳማ)

አትጣለው ይተርፋል። ያ ሻጋታ ቦትራይቲስ ነው፣ የሚነሳው ከሞተው እርጥብ አበባ ላይ ነው፣ ስለዚህ እዚህ አገር ክረምት ላይ ዌቭም ቢሆን ራሱ ያጸዳል ብለህ አትተወው፣ የቀለጠውን በየሁለት ቀኑ ልቀምለት። ፖቱን ዝናቡ ቀጥታ የማያርፍበት ግን ብርሃን ያለበት ቦታ ላይ አድርገው፣ በረንዳህ ጣራ ካለው ወደ ውስጥ ጠጋ አድርገው፣ እርስ በርሳቸው አታጠጋጋቸው ነፋስ ይግባላቸው። አሁን ግማሽ ድረስ ቁረጠው፣ ውሃ አፈሩ ላዩ ሲደርቅ ብቻ ስጠው፣ ዩሪያውን ተወው እሱ ናይትሮጅን ብቻ ስለሆነ ቅጠል ነው የሚያወጣልህ፣ ዝናቡ ቀለል ሲል ያኔ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ሦስቱም ያለበትን ማዳበሪያ በትንሹ ትጀምርለታለህ።

አፈሩን ደግሞ መስከረም ላይ ቀይርለት። ችግኝ ጣቢያ በጥቁር ፕላስቲክ የሚሸጡት አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር አፈር ነው፣ ፖት ውስጥ ሲገባ ይጨቀያል ሲደርቅ ደግሞ ድንጋይ ይሆናል። ብሎኬት የሚያመርቱ ሰዎች ጋ ሄደህ ፑሚስ (ቀላል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ጠይቃቸው፣ አንድ ከረጢት ለብዙ ፖት ይበቃሃል፣ አቧራውን በወንፊት አጥለህ ኮምፖስት ሁለት እጅ፣ ቀይ አፈር አንድ እጅ፣ ፑሚስ አንድ እጅ አድርገህ ቀላቅል፣ ውሃ ስታፈስበት ወዲያው በታች መውጣት አለበት። የበሰለ ፍግ ካገኘህ ጥሩ ነው፣ ያልበሰለ ከሆነ ግን አትጠቀም ሥሩን ያቃጥለዋል። መስከረም መጨረሻ ላይ የተከልከው እስከ ግንቦት ያብብልሃል፣ ህዳርና ታህሳስ ሌሊት ውርጭ ካለ ፖቶቹን ወደ ግድግዳው ማስጠጋት ነው፣ ቀለል ያለውን ብርድ ይችለዋል።


ደጃፌ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ባልዲዎቹን ወደ ጓሮ ወስደናቸዋል፣ መቀስም ለየብቻ ተደረገ። ጋሼ አይረኑን ዛሬ አዘዝኩት፣ ስንት ጊዜ ነው የምሰጠው?


ጋሽ አትክልት (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)

ልጄ እሽጉ ላይ ካለው መጠን አትለፊ፣ አንዴ ስጪውና ሁለት ሳምንት ጠብቂ። የቢጫውን አሮጌ ቅጠል አትዪ፣ እሱ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፣ ከቆረጥሽበት የሚወጣውን አዲሱን እዪ፣ እሱ አረንጓዴ ሆኖ ከመጣ አትድገሚው። አሁንም ቢጫ ከሆነ ድገሚና ውሃውን የዝናብ ውሃ አጠራቅመሽ ሞክሪ፣ ከጣራው አሸንዳ ስር ባልዲ አድርጊ፣ የዝናቡ ውሃ አልካላይን ስላልሆነ ፒኤቹን ከፍ አያደርግብሽም።